የርቀት ፍቅር ኮሚክ፣ 32 ገጽ ኤ5፦ ገጽ አከፋፈል፣ ፊደል፣ ፈቃድ፣ ሕትመት

የረር_ማዶ
ሰላም ለመድረኩ። የራሴን የፍቅር ታሪክ በኮሚክ እያዘጋጀሁ ነው። እሷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እሱ ዋሽንግተን፤ ዘመኑ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም.። መጠኑ ኤ5፣ ውስጡ 32 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ምናልባት አንድ ተጨማሪ ቀለም። ሥዕሉ በእጅ ኤ4 ላይ ይሠራል፣ ጽሑፉ በኮምፒውተር ይገባል።

ረቂቁ ላይ ያለው ችግር ይሄ ነው፦ ታሪኩ አብዛኛው ጥሪና መልእክት ስለሆነ ገጽ በገለጡ ቁጥር ስልክ የያዘ ሰው ነው የሚታየው። ሁለቱን ቦታ በአንድ ገጽ እንዴት ማስቀመጥ ይሻላል? የአማርኛው ፊደል በስንት ነጥብ ይጻፍ? የሱን መልእክቶች እንዳሉ ማስገባት ይቻላል? ለማተሚያ ቤትስ ምን ተዘጋጅቶ ይሰጣል? ከልምድ የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ሣጥን_በሣጥን
እህቴ፣ ከገጹ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ኤ5 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን 10 ሚሊ ስትተዪ ለሥዕል 128 በ190 ይተርፍሻል። ወደ ታች ሦስት ረድፍ አድርጊው፤ እያንዳንዱ 60 ሚሊ፣ በረድፎቹ መካከል 5 ሚሊ፣ ልክ 190 ይሞላል። ወደ ጎን ሁለት ሣጥን፣ 62 እና 62፣ በመካከላቸው 4 ሚሊ። ኤ4 ላይ ስትሥዪ ቁጥሮቹን ሁሉ በ1.41 አባዢያቸው፤ 60ው 85፣ 62ው 88 ገደማ ይሆናል።

ግራው ምንጊዜም የሷ፣ ቀኙ ምንጊዜም የሱ ይሁን። እስከ መጨረሻው እንዳታገላብጪው። አንባቢ ጥቂት ገጽ ካነበበ በኋላ ቦታውን በአቅጣጫ ማወቅ ስለሚጀምር በየሣጥኑ አናት «ኮዬ ፈጬ»፣ «ዋሽንግተን» ብሎ መጻፍ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እሱ በግራ በኩል ሲታይ፣ ምንም ሳትጽፊ፣ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል። ያንን አንድ ገጽ ቆጥበሽ ያዢው። ለጌጥ ብለሽ ቀደም ብለሽ ካባከንሽው ዋጋ የለውም።

መካከለኛው ክፍተትም ሥራ አለው። ሲስማሙ 4 ሚሊ፣ ጥሪው ሲሳሳ 8፣ ሲኮራረፉ 12። ሣጥኖቹ ከ62 ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 58 ይጠባሉ። አንባቢ በማስመሪያ አይለካውም፤ ነገር ግን መራቃቸው ይሰማዋል።

ዓይን_ተከታይ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ 12 ሚሊው ላይ ግን የሚበላሽ ነገር አለ። ዓይን መጀመሪያ የሚሻገረው ጠባቡን ክፍተት ነው። በረድፎቹ መካከል 5፣ በግራና በቀኝ መካከል 12 ሆኖ ከተተወ አንባቢ የግራውን ሦስት ሣጥን ከላይ ወደ ታች ጨርሶ ነው ወደ ቀኝ የሚሄደው። እሷ «ደረስክ?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልሱ ከሦስት ሣጥን በኋላ ይመጣል። ንግግሩ ይበተናል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ንግግር ያለበት ገጽ ከሆነ ክፍተቱን የሚሻገር ነገር አስገቢ፦ የንግግር አረፋው ጅራት (ተናጋሪውን የሚያመለክተው ሹል ጫፍ) ከግራ ወጥቶ ቀኝ ሣጥን ጫፍ ይድረስ፣ ወይም የሷ መስኮት ደፍና የሱ ጠረጴዛ ጠርዝ በአንድ መስመር ይቀመጡ። ዓይን መስመር ተከትሎ ይሻገራል። ኩርፊያ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጊ። የረድፉን ክፍተት ወደ 2 ሚሊ ዝቅ አድርጊውና ሦስቱ ሣጥን 62 ሚሊ ቁመት ይኑራቸው። ያኔ ገጹ ሁለት ዓምድ ይሆናል፤ የሷ ቀን ለብቻው ወደ ታች፣ የሱ ቀን ለብቻው ወደ ታች። ቃል የለበትም፣ ግን ሳይነጋገሩ የዋሉበት ቀን መሆኑ ግልጽ ነው።

መደረግ የሌለበት ሁለቱን ማደባለቅ ነው። ንግግር እያለ በዓምድ አይሄድም።

የረር_ማዶ
ሁለታችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ክፍተቱ ገብቶኛል። ስልኩ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ጥሪ ያለ ስልክ እንዴት ይሣላል?

የማለዳ_ጥሪ
ጥሪውን ሳይሆን ሰዓቱን ሣዪ። የርቀት ፍቅር ዋናው ጉዳይ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት በሁለት የተለያየ ብርሃን ውስጥ መኖራቸው ነው። እሱን በትክክል ከሠራሽ ስልኩ ከሣጥኑ ሊወጣ ይችላል፤ ድምፁን የተሰበረ ጠርዝ ባለው አረፋ አስገቢውና እሷ እጇ ሽንኩርት ይክተፍ።

ሒሳቡን እንዳትስቺ። የኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይንቀሳቀስም፤ የዋሽንግተኑ ግን በዓመት ሁለቴ ይዞራል። በነሱ በጋ (ከመጋቢት እስከ ጥቅምት) ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት (ከጥቅምት እስከ መጋቢት) 8 ሰዓት ነው። ለውጡ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከዚያም በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ይመጣል። በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን በነሱ በጋ ከቀኑ 8፣ በነሱ ክረምት ከቀኑ 7 ነው። ስለዚህ የማታ ጥሪ ከሆነ የሷ መስኮት ጥቁር፣ የሱ መስኮት ነጭ ነው። እሱ ከሥራ ገብቶ በራሱ 3 ሰዓት ምሽት ከደወለ ደግሞ እሷን የሚያገኛት ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ሁለቱም መስኮት ጨለማ ነው። ይህን አንባቢው ያስተውላል፤ በተለይ ዘመድ ውጭ ያለው አንባቢ። በዚህ አገር ደግሞ ዘመድ ውጭ የሌለው ማን አለ?

የሱ መስኮት ሌላም ሥራ ይሠራል። ዋሽንግተን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ትቆያለች። አዲስ አበባ ዙሪያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ስለዚህ ወቅቱን በሱ በኩል በብርሃን፣ በሷ በኩል በሰማይና በመሬት ነው የምታሳዪው። «ከስድስት ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ ሳያስፈልግሽ ስድስት ወር ያልፋል።

የጥቅምቱ ለውጥ ራሱን የቻለ ገጽ ይወጣዋል። በምሳ ዕረፍቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚደውል ሰው እሷ ዘንድ 2 ሰዓት ማታ ይደርስ ነበር፤ ሰዓቱ በዞረ ማግስት 3 ሰዓት ይሆናል። እሷ በ2 ሰዓት ስልኩን ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ሻይዋ፣ የመንገዱ መብራት፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ስድስት ሣጥን፣ አንድም ቃል የለም። የሱ ዓምድ ላይ ተራ የሥራ ሰዓት። ማንም አልበደለም፣ ሰዓት ዞረ እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የስልኳ ገጽ ላይ 9:00 ተጽፎ እሷ «3 ሰዓት ሆነ» ብትል ስሕተት አይደለም። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንኖረው። «አስተካክዪው» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ሐረግ_ሣይ
ስለ ፊት አንድ ነገር። ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው በጎን ሲሣል ይቀላል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ሳያውቀው ሁሉም ሣጥን የጎን ፊት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግሞ ቅዱሱ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። የኛ አንባቢ ይህን ከልጅነቱ በዓይኑ ለምዶታል። ፍቅረኛውን 20 ገጽ በጎን ካሳየሽ ምክንያቱን ሳያውቀው ይጠረጥረዋል። ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፣ ጆሮ ማዳመጫ ስጪው፤ ፊቱ ወደኛ ይዙር። የጎኑን ፊት የሚደብቀው ነገር ላለበት ጥሪ ብቻ አቆዪው።

ሌላው ትረካው ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የሚያሳየውን የቆየ ሥዕል የምታውቁት ናችሁ፤ ጽሑፉ ከሥዕሉ ሥር ነው የሚሄደው። የራስ ታሪክ ትረካ ይበዛበታልና ከሣጥኑ ሥር 8 ሚሊ ነጭ ጠርዝ ተይለት፤ አረፋው ለንግግር ብቻ ይቅር። ሥዕሉ ይተነፍሳል።

ፊደል_ቀራጭ
ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ የአገራችን ኮሚክ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና ረዘም ቢል ታገሡኝ።

ለኤ5 ሕትመት ከ9 ነጥብ በታች አትውረጂ፤ 9 ተኩል ወይም 10 ይሻላል። ምክንያቱ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በአናት ጭረት ብቻ መሆኑ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ቀለሙ ሲሰፋ ጭረቷ ትዋጣለች። «ልቡን ሰጠኝ» ያልሽው «ልቡን ሸጠኝ» ሆኖ ይነበባል። የፍቅር ታሪክ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመስመር ርቀቱን ከፊደሉ መጠን 1.3 እጥፍ አድርጊው። አናት ላይ ጭረት ያለውና እንደ ቂ፣ ቋ እግር ያለው ፊደል ሲገጣጠሙ ይነካካሉ። የላቲን ኮሚክ በትልልቅ ፊደል ስለሚጻፍ ጠበብ ብሎ ያምራል፤ የኛ ግን እንዲያ ሲጠብ ይታፈናል።

ቃላችን ረጅም ነው። «እስክንገናኝ»፣ «አልደወልክልኝም» የመሰለው አንድ ቃል ጠባብ አረፋ ውስጥ አይገባም፤ ቆርጦ ወደ ታች ማውረድም አያምርም። ስለዚህ አረፋው ወደ ጎን ሰፋ ይበል። በአንድ መስመር ሁለት ሦስት ቃል፣ በአንድ አረፋ ከ12 እስከ 15 ቃል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ክፈዪው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጽሑፉን አስገቢ፣ ከዚያ አረፋውን ዙሪያውን ሣዪ፣ ከዚያ የቀረውን ቦታ ለሥዕሉ። አረፋ ቀድሞ ተሥሎ ጽሑፍ ሲጠቀጠቅበት ነው መጠኑ ከገጽ ገጽ የሚለያየው።

ፎንትን በተመለከተ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ ውፍረት ስላለው ለጩኸትና ለሹክሹክታ ይመቻል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለደብዳቤና ለትረካ ያምራል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። አቢሲኒካና ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው፤ «ቦልድ» ስትዪ ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍራቸውና የፊደሉ ሆድ ይደፈናል። የዩኒኮድ ያልሆኑትን የድሮ ፎንቶች ደግሞ አትንኪያቸው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፍሽ በሙሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል።

የእጅ ጽሑፍ ካማረሽ ኤ4 ላይ የፊደሉ ቁመት 4 ሚሊ ይሁን፤ ሲቀነስ 2.8 ይደርሳል፣ በደንብ ይነበባል። መስመሩን በእርሳስ አስምሪ።

ድምፅ ስትጽፊ አማርኛው ራሱ ሀብታም ነው። መብራት «ድርግም»፣ በር «ቷ»፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ «ሿ»። በትልቁ በእጅ ይጻፉ እንጂ በፎንት አይሁኑ።

የረር_ማዶ
ይህ ሁሉ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንድ ገጽ ላይ ጥሪ መሐል መብራት ይሄዳል፤ ሣጥኑ ሙሉ ጥቁር ሆኖ በውስጡ «ሃሎ? ይሰማል?» የሚል ነጭ ጽሑፍ ታስቧል። ማተሚያ ላይ ችግር አለው?

ጋሽ_ኦፍሴት
አለው ልጄ፣ ግን መላ አለው። ጥቁሩ ከአራት ቀለም ከተሠራ አራቱ ፕሌት (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳ) በፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲዛነፉ ነጩ ፊደል ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያወጣል፣ ቀጫጭኑ ጭረትም ይዘጋል። ጥቁርሽ ጥቁር ቀለም ብቻ፣ መቶ በመቶ ይሁን። ነጩ ፊደል ደግሞ ከመደበኛው አንድ ነጥብ ይተልቅ፣ ወፈር ያለው ይመረጥ፤ ቀለም ወረቀት ላይ ስለሚሰፋ ነጭ ፊደል ሁልጊዜ ይከሳል።

ጽሑፉን በኢንክስኬፕ ጨርሰው ፒዲኤፍ የሚያመጡ አሉ፤ በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) ስለሚወጣ ጥቁሩ ወደ አራት ቀለም ይበተናል። ሥዕሉን በፈለግሽው ሥሪ፣ ገጹንና ጽሑፉን ግን በስክራይበስ ገጣጥሚ፤ ነፃ ነው፣ ጥቁሩንም ለብቻው ያወጣል። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ የገባ መሆኑን አረጋግጪ።

የመብራቱን ገጽ በተመለከተ፦ ሙሉ ጥቁር ሣጥን በ80 ግራም ወረቀት በጀርባው ይታያል፤ ለውስጡ 100 ግራም ጠይቂ። ለሽፋኑ 250 ግራም፤ ከመታጠፉ በፊት የመታጠፊያው መስመር ይመታ፣ አለዚያ ጀርባው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ስካን በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ። ኤ4ው 4960 በ7016 ፒክስል ይወጣል፣ ወደ ኤ5 ሲቀነስ ለመስመር ሥዕል ከበቂ በላይ ነው። ስትሥዪ ከ0.3 በታች ብዕር አትጠቀሚ። የ0.1 ብዕር መስመር ሲቀነስ 0.07 ሚሊ ይሆንና ቦታ ቦታው ይጠፋል። 0.3 ለጀርባ፣ 0.5 ለሰው፣ 0.8 ለሣጥኑ ጠርዝ። ወረቀትሽ 160 ወይም 200 ግራም ይሁን፤ በተራ 80 ግራም ላይ ቀለሙ ይፈሳል፣ ጠርዙም ይጎፍራል።

ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ 3 ሚሊ ትርፍ አውጪለት፤ ፋይሉ 154 በ216 ይሆናል። ጽሑፍ ከመቁረጫው 8 ሚሊ ይራቅ። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ 32 ጥሩ ቁጥር ነው። ወረቀት ሲታጠፍ የመሐሉ ገጾች ወደ ውጭ ይገፋሉና የመሐሉ ገጽ ከሌላው ትንሽ በልጦ ይቆረጣል፤ የሣጥን ጠርዝ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

ሣጥን_በሣጥን
ጋሼ እንዳሉት ሆኖ፣ መሐሉን ተጠቀሚበት። በ32 ገጽ ውስጥ ገጽ 16 እና 17 ብቻ ናቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚታተሙት። ሌላ ቦታ ላይ ሁለት ገጽ የሚያቋርጥ ሥዕል ብታስቀምጪ መስመሩ ላይገጥም ይችላል። ግራው ኮዬ ፈጬ፣ ቀኙ ዋሽንግተን ሆኖ አንድ ሙሉ ሥዕል ካሰብሽ ቦታው እዚያ ነው፣ ሽቦውም በሁለቱ መካከል ያልፋል። ድንገት የሚታይ ነገር ደግሞ፣ ለምሳሌ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ተጋማሽ ቁጥር ባለው የግራ ገጽ ላይ ይሁን። እሱ ገጽ ሲገለጥ ነው የሚታየው። ጎዶሎ ቁጥር ላይ ካስቀመጥሽው ዓይን ግራውን ሳያነብ ቀድሞ ያየዋል።

ቀለም_በጥባጭ
ሁለተኛውን ቀለም ለቦታ አትስጪው። ዋሽንግተን ሰማያዊ፣ አዲስ አበባ ቢጫ የሚለው ሁሉም የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሣጥኖቹ አስቀድሞ በግራና በቀኝ ተለይተው ሳለ ያንኑ መድገም ነው። ቀለሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ለተሻገረ ነገር ብቻ ስጪ፦ የሱ ድምፅ ያለበት አረፋ፣ በመንገደኛ የላከው ሹራብ፣ እሷ በፌስታል አሥራ በፕላስተር የጠቀለለችው በርበሬ። ሹራቡ ኮዬ ፈጬ ገመድ ላይ ታጥቦ ሲሰጣ ገጹ ላይ ያለው ቀለም እሱ ብቻ ይሁን። በርበሬው እሱ ኩሽና ሲፈታ እንዲሁ።

ዋጋውንም አስቢ። በኦፍሴት ሁለት ቀለም ሁለት ፕሌት ነው፣ ሙሉ ቀለም አራት። በዲጂታል ግን ሁለተኛው ቀለም እንደ ሙሉ ቀለም ነው የሚታሰበው። ጥቂት ቅጂ በዲጂታል ከሆነ ወይ ጥቁር ብቻ፣ ወይ ሙሉ ቀለም።

ጋሽ_ኦፍሴት
ልክ ነው። ጥቁሩን ከቀለሙ በላይ እንዲታተም አድርጊው፤ ቀለሙ በጥቁሩ ሥር ይለፍ። እንዲያ ካልሆነ በመካከላቸው ነጭ ክር ይታያል።

አንቀጽ_በአንቀጽ
ስለ ፈቃድ የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰም። ከሁሉ በፊት መጨረስ ያለበት ግን እሱ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 31 ደግሞ የምስጢር ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይላል። ሕጉ የተጻፈው በደብዳቤ ዘመን ነው፤ ለቴሌግራም መልእክትም ያንኑ ጥንቃቄ መውሰድ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በኩልም ብናየው፣ ሰው የጻፈው ነገር ስልክሽ ውስጥ ስለተቀመጠ ያንቺ አይሆንም።

ስለዚህ አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍና ይፈርምበት። መልኩ ይሣላል ወይስ ይቀየራል? ስሙስ? የትኞቹ መልእክቶች ቃል በቃል ይገባሉ? ሕትመት ብቻ ነው ወይስ በኢንተርኔትም? ሁለተኛ ዕትም ቢኖርስ? ብትለያዩ ፈቃዱ ይቀጥላል ወይ? የመጨረሻው ለመጠየቅ ይከብዳል፤ ግን በደህና ጊዜ ካልተጠየቀ በክፉ ጊዜ አይጠየቅም። ፈቃዱ በእርሳሱ ረቂቅ ላይ ይሁን፤ ቀለም ከገባ በኋላ «ይሄ ይውጣ» ማለት ለሱም ይከብደዋል።

እናት፣ ጎረቤት፣ አብራ የምትኖር ጓደኛ ካሉ መልካቸውን ለውጪ። ስልክ ቁጥር፣ የብሎክና የቤት ቁጥር ከየሣጥኑ ይጥፋ።

የማለዳ_ጥሪ
በዚህ ላይ፣ የስልክ ስክሪን ፎቶ አንሥቶ ሣጥን ውስጥ መለጠፍን አልደግፍም። በሕግ ብቻ አይደለም። የስክሪኑ ፊደል ኤ5 ላይ 5 ነጥብ ይሆናል፣ አይነበብም፤ ከእጅ ሥዕሉም ጋር ይጣላል።

ፊደል_ቀራጭ
ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጥቶ ሲጠፋ፣ እንደገና ሲመጣ፣ ያንን በሌላ ምን ታሳያለህ? ስክሪኑ በእጅ ተሥሎ አንድ መስመር ብቻ ይግባበት፤ የላከው ሳይሆን ሊጽፍ ፈልጎ የተወው ነው የሚታየው። ረጅሙ መልእክት ግን እንደ ደብዳቤ ሙሉ ገጽ ይሰጠው፣ በሱ እጅ ጽሑፍ። ከፈቀደ ራሱ በወረቀት ጽፎ ፎቶውን ይላክላት። ከፎንት ሁሉ የሱ እጅ ይበልጣል።

የማለዳ_ጥሪ
በዚህስ እስማማለሁ።

ቱሉ_ዲምቱ_በር
የአካባቢው ሰው እንደመሆኔ ቦታውንና ዘመኑን አደራ። የከተማ ዳር ሲባል ብዙ ሠዓሊ ፒያሳን ነው የሚሥለው። ኮዬ ፈጬ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። በሐምሌ ጫማ ላይ ተለጥፎ እንደ ሁለተኛ ሶል ይወፍራል፣ በጥር ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አንዱን መንገድ በሁለቱም ወር ብትሥዪ ጊዜው ያልፋል። በምሥራቅ በኩል የየረር ተራራ አለ፤ ከበረንዳ የምታይ ከሆነ እንጦጦን አትሣዪ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የቆርቆሮ ዝናብ የሚሰማው የላይኛው ፎቅ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ከሆነች «ሿ» አይሰማም። የሚሰማው የበረንዳው ጠብታና የደረጃው ጀሪካን ነው።

ዘመኑን እንደዚህ አረጋግጪ። የ200 ብር ኖት የመጣው መስከረም 2013 ነው፣ ቴሌብር ግንቦት 2013። ከዚያ በፊት ባለ ሣጥን ውስጥ አይግቡ። ከመጋቢት 2012 በኋላ ጭምብል አለ፤ ታክሲውም በግማሽ የጫነበት ጊዜ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጧል። ከየካቲት 2015 ጀምሮም ለወራት ቴሌግራምና ፌስቡክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በ2012ቱ ቀኖች ላይ የቪዲዮ ጥሪ፣ በ2015ቱ ወራት ላይ ያለ ቪፒኤን የተከፈተ ቴሌግራም ብታስገቢ ታሪኩን የኖረ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የሰኔ 2012ቱን ግን አትዝለዪው። የሱ ዓምድ ላይ አንድ የ«ተልኳል» ምልክት ብቻ ያለበት መልእክት ይደረደራል፣ የሷ ዓምድ ባዶ።

ዳታ_ቆጣቢ
በቴሌግራም ቻናል ለምትለቁት በአጭሩ፦ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ቀጫጭኑ ፊደል ይደበዝዛል። ገጹን በፋይል መላክ ይሻላል፣ ወይም ወርዱን 1080፣ ቁመቱን 1350 ፒክስል አድርጎ በአንድ ምስል ሁለት ሣጥን ብቻ ማሳየት። ስልክ ላይ ስድስት ሣጥን ያለው ገጽ አይነበብም። በጣም ረጅም ምስል በአንድ አትላኩ፣ ይጠብባል። እያንዳንዱ ምስል ከ300 ኪሎ ባይት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በካርድ ዳታ የሚያነበውን ሰው አስቡለት።

የረር_ማዶ
ሁላችሁም ተባረኩ። የመብራቱ ገጽ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ የላይኛው ረድፍ የሷ ኩሽና፣ የሱ የምሳ ጠረጴዛ፤ ክፍተቱ 4 ሚሊ፣ የመስኮቱ ደፍና ጠረጴዛው በአንድ መስመር። ሁለተኛው ረድፍ ግራው «ድርግም»፣ ሙሉ ጥቁር፣ የስልኩ ብርሃን ከአገጯ ሥር ብቻ፤ ቀኙ እሱ እያወራ። ሦስተኛው ረድፍ ግራው ጥቁር ከነጭ ጽሑፉ፣ ቀኙ እሱ ስልኩን እያየ። ፈቃዱን በእርሳስ ረቂቁ ልኬያለሁ። ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት የቀረ ነገር አለ?

ጋሽ_ኦፍሴት
ገጹ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ቀይሪ፦ ሁለቱ ጥቁር ሣጥኖች ግራ ላይ በላይና በታች ስለሚገጥሙ 5 ሚሊዋ ነጭ መስመር ደምቃ ዓይን ወደ ታች ይጎትታል፤ ቀኙን ሳያይ ያልፋል። የሱን አረፋ ጅራት ወደ ጥቁሩ ሣጥን ውስጥ አስገቢው።

ከመሄድሽ በፊት ስምንት ኤ4 ወረቀት አጣጥፈሽ በመሐሉ ሽቦ ምቺበት፤ 32 ገጽ ይወጣል። በየገጹ ቁጥሩንና የሣጥኑን ንድፍ በእርሳስ ሞንጭሪ፣ ከፒዲኤፉ ጋር ስጫቸው። ሽፋኑ የተለየ ፋይል ይሁን። መጀመሪያ አንድ ቅጂ አሳትመሽ የመብራቱን ገጽ በፀሐይ ብርሃንም በአምፖልም ሥር አንብቢው፣ «ሃሎ? ይሰማል?» ላይ የ«ሃ» እግር ከተዘጋ አንድ ነጥብ ጨምሪ። ከዚያ ነው ሌላው ቅጂ የሚታዘዘው።